ከፎቶው ጥግ ላይ የቆረጥኩት ስም

ይሄ ነገር ከደረሰ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም፤ ለባለቤቴም ጭምር።

ፍኖተ ሰላም ውስጥ ትንሽ የማር መሸጫ ሱቅ አለችኝ። ያን ሰሞን ባነር ላሠራላት ብዬ ፌስቡክ ላይ ፎቶ ስፈልግ አንድ ግሩም ነገር አየሁ። ግሽ ዓባይ አካባቢ የተነሳ ነው። አንድ ሽማግሌ ማር ይቆርጣሉ፤ ንቦቹ ጺማቸው ላይ ሰፍረዋል፣ እሳቸው ፈገግ ብለዋል። ከታች ጥጉ ላይ «ፎቶ ይበልጣል፣ ቡሬ» ይላል። ጥጉን በስልኬ ቆረጥኩና ፎቶውን ለማተሚያ ቤት ላክሁት። ቡሬ ያለ ሰው የት ያየዋል ብዬ ነው። አይ እኔ! የቡሬ ሚኒባስ ሁሉ በሱቄ ፊት አይደል የሚያልፈው!

ወር ሳይሞላ ይበልጣል መጣ። ዝግ ያለ ወጣት ነው።

«አያ ደሳለኝ፣ ይቺን ፎቶ ለማንሳት ሦስት ቀን እዚያ ሰንብቻለሁ። ክፍያዬን ይስጡኝና እርስዎም ይጠቀሙባት» አለኝ።

«ፌስቡክ ላይ የተጣለ ነገር የማን ነው? ያንተ ከሆነ ስምህ የታለ?» አልኩት።

«ስሜማ ነበረበት። ተቆርጦ ነው።»

ደንበኛ ቆሞ እየሰማ ነበር። ሌባ የተባልኩ መሰለኝና ደሜ ፈላ፤ አባረርኩት።

ፍርድ ቤት አልሄደም። በገበያው ቀን ሁለት ሽማግሌ ይዞ መጣ። አንደኛው ከልጅነቴ ጀምሮ የሚያውቁኝ ጎረቤቴ ጋሽ ውበቱ ናቸው።

«ልጄ፣ ነገር አናንዛዛ» አሉኝ። «ስም አይተህበት ከሆነ ክፈለው። ካላየህ ማልና እንለያይ።»

መክፈሉ አልነበረም የከበደኝ። እሳቸው ፊት ቆርጫለሁ ማለቱ ነው ያቃተኝ።

«ሚካኤልን! ስም አላየሁበትም» አልኩ።

ይበልጣል ወደ እኔ ጠጋ አለ። «ከማሉ በቃ። ሌላ ሰው ቆርጦት ይሆናል። በከንቱ ጠርጥሬዎታለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ» ብሎ ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ አለ። እኔም «እግዜር ይቅር ይበልህ» አልኩት። አፌ እንዴት እሺ አለኝ?

በሳምንቱ ካሜራውን ይዞ ተመለሰ። ላስማልኩዎት ካሳ ይሁን ብሎ እኔንና ባለቤቴን ሱቃችን በር ላይ አነሳን። ፎቶውን በፍሬም አድርጎ ላከልን፤ አምስት ሳንቲም አልተቀበለም። ባለቤቴ ከሚዛኑ በላይ ሰቀለችው። ጥጉ ላይ ያው ጽሑፍ አለ፤ ፎቶ ይበልጣል፣ ቡሬ።

ባነሩን ነፋስ ቀደደው ብዬ አወረድኩት። ይሄኛውን ግን ምን ብዬ ላውርደው? ሰው «ማን አነሳችሁ?» ሲል ባለቤቴ «አንድ ደግ ልጅ» ትላለች። እኔ አንገቴን ደፍቼ ማሬን እመዝናለሁ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አሉ። የሚካኤል ዕለት ሰው ሁሉ ወደ ውስጥ ሲዘልቅ እኔ ከቅጥሩ ውጪ ተሳልሜ እመለሳለሁ። ያሳፍረኛላ!

አሁን ጋሽ ውበቱን ይዤ፣ ክፍያውንም ይዤ፣ ቡሬ ልሄድ ወስኛለሁ። ይሄን የጻፍኩት ደግሞ ፈርቼ እንዳልቀር ነው። አዘጋጆቹን አንድ ነገር ብቻ እለምናለሁ፤ ከጽሑፌ ስር ስሜን እንዳትቆርጡት።

ደሳለኝ፣ ማር ሻጩ፣ ከፍኖተ ሰላም