አክስቴን ያሳሰራት ሰው ሲያመሰግናት

አክስቴ ጎንደር ከተማ አስተማሪ ነበረች። ደርግ መሬት ለአራሹ ብሎ ሲያከፋፍል፣ ለወለቃ ሸክላ ሠሪዎች የደረሳቸው ድንጋያማ ተረተር ነበር። «ቡዳ ደግሞ ምን እርሻ ያውቃል!» ተባለ። አክስቴ ከትምህርት ቤት ስትወጣ በእግሯ ወለቃ ድረስ እየሄደች ማመልከቻ ትጽፍላቸው ጀመር። ገበሬ ማኅበሩ አልሰማ ሲል ሽማግሌዎቹን አስከትላ አውራጃ ጽሕፈት ቤት ገባች።

የማኅበሩ ሊቀ መንበር «ሕዝብ አሳመፅሽ» ብሎ አሳሰራት። ከስምንት ወር በኋላ ስትፈታ ሳንባዋ ታሞ፣ ሥራዋም ለሌላ ተሰጥቶ ነበር። አልጋ ላይ ሆና እንኳ መጻፏን አልተወችም። በመጨረሻ መሬቱ ተለወጠላቸው። በዚያው ክረምት ጤፍ ዘሩ፤ እሷ ግን መስከረም ሳይጠባ ሞተች።

በቀብሯ ዕለት ያ ሊቀ መንበር፣ አውራጃው ላይ ተሹሞ፣ በመኪና መጣ። ከኪሱ ወረቀት አውጥቶ «ለጭቁኖች የታገለች ጀግና ጓዳችን» እያለ አነበበ። ሁላችንም አቀርቅረን ሰማነው። አንዲት አሮጊት ሸክላ ሠሪ ብቻ፣ «ምነው ጌታዬ፣ ይህን ያሳሰሯት ቀን ቢሉላት ኖሮ?» አሉት።

እንዳልሰማ ሆኖ ወደ እኔ መጣና እጁን ዘረጋልኝ። ያን ሰሞን ታናሽ ወንድሜ ለውትድርና ተይዞ ነበር፤ ማስለቀቅም ማዝመትም የሚችለው ይኸው ሰው ነው። እጁን ጨበጥሁ። «እግዜር ይስጥልኝ» አልሁት።

ወንድሜን በሦስተኛው ቀን አዘመቱት። አሮጊቷም ከዚያ ወዲህ ሰላም ብለውኝ አያውቁም፤ አልፈርድባቸውም።