በድርሰት የሞቱት እማማ ወለተማርያም

እዚህ ቅድስት አገር፣ ኢትዮጵያ መንገድ በሚባለው ጎዳና፣ እማማ ወለተማርያምን የማያውቅ የለም። በደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት፣ በሴቶች በር ቆመው «ጫማ!» የሚሉት እሳቸው ናቸው። እኔ፣ እንዳለ የምባለው፣ ግቢውን እጠርጋለሁ። ፊደል የቆጠርኩት ካደግሁ በኋላ ስለሆነ፣ ስለ እሳቸው ስጽፍ እንዳልሳሳት እፈራለሁ።

አንድ እሑድ የልጃቸው ልጅ ህሊና መጣች። ታልፒዮት በሚባለው ሰፈር ልብስ መሸጫ ውስጥ ነው የምትሠራው። «እማማ፣ ድርሰት ጽፌያለሁ፤ ላንብብልዎ?» አለች።

እማማ ድርሰት ሲባል የሚያውቁት የእመቤታችንን ምስጋና ነው። ጫማቸውን አወለቁ፤ ነጠላቸውን መስቀለኛ አጣፍተው ቆሙ። እኔም መጥረጊያዬን አስቀምጬ ቆምኩ።

አነበበች። አንዲት አሮጊት የቤተ ክርስቲያን በር ትጠብቃለች። ሱሪ የለበሰች ልጅ ስትመጣ ትመልሳታለች። ልጅቷ እያለቀሰች ሌላ ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች። እዚያ ስለ ሱሪም ስለ ጫማም የሚጠይቅ የለም፤ ቄሱ እየሳቀ ያስገባታል። አሮጊቷ ግን ጠያቂ አጥታ ብቻዋን ትሞታለች።

«መቼ ነው የሞትኩት?» አሉ እማማ።

«እርስዎ አይደሉም፤ ልብ ወለድ ነው።»

«የማን ልብ?»

«የኔ።»

«ታዲያ በልብሽ ገድለሽኛላ!»

ህሊና ደነገጠች። «አምና በበዓሉ አልመለሱኝም እንዴ?»

«ቁሚ አልኩሽ እንጂ መቼ ሂጂ አልኩሽ? ነጠላ ላመጣልሽ ገብቼ ስወጣ የለሽም!»

ህሊና ይህን አታውቅም ነበር። ደብተሯን ይዛ ሄደች።

እኔ ግራ ገባኝ። በድርሰቱ ጥብቋ ክፉ፣ የሚስቀው ቄስ ደግ ነው። እማማ ጥብቅ ናቸው፤ ክፉ ግን አይደሉም። ህሊናም አምና እኮ አልቅሳለች፤ እሱም ውሸት አይደለም።

ከዚያ ወዲያ የእማማ ድምፅ በሩ ላይ ቀነሰ። «አንተ እንዳለ፣ ትመጣ ይሆን? ብትመጣስ ምን ልበላት? ተመለሽ እንዳልል ፈራሁ፤ ዝም ብለሽ ግቢ እንዳልል ሥርዓት አለ» ይሉኛል። እኔ ምን አውቃለሁ።

ህሊና ለኪዳነ ምሕረት በዓል መጣች። በሱሪ። እማማ ነጠላውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቀሩ፤ አይሰጧት፣ አይሸሽጉት። ህሊና ጫማዋን አወለቀችና ራሷ ወሰደችው። ግን ጥለቱን ወደ ላይ፣ አንገቷ ሥር አድርጋ ለበሰችው፤ ለለቅሶ እንደሚለበሰው።

«አንቺ! ማን ሞተብሽ?» ብለው ጮኹ እማማ። «ገልብጪው፤ አለሁ እኮ!»

ሰው ሁሉ ዞረ። ይቆጡ ይሳቁ መለየት አቃተኝ። እጃቸው ግን ጥለቱን ወደ ታች እያዞረላት ነበር።