የመጋረጃው አዋላጅ

ኖህ ወልደአማኑኤል አሰላ ተወልዶ ያደገ፣ ሠላሳ ዓመት የሞላው አዋላጅ ነርስ ነው። በዲክሲስ ወረዳ በአንድ የገጠር ጤና ጣቢያ በተመደበ ጊዜ አባቱ የተናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ወንድ ልጅ አስተምሬ ምጥ ጠባቂ አተረፍሁ።» ከዚያ ወዲህ በስልክ ስለ ጤንነቱ እንጂ ስለ ሥራው ጠይቀውት አያውቁም።

በመጀመሪያው ዓመት ወላዶችን የምትቀበለው ባልደረባው ቢታንያ ነበረች። የኖህ ድርሻ መሣሪያ መቀቀል፣ መዝገብ መሙላትና ሕፃናትን መከተብ ሆኖ ቆየ። ቢታንያ ራሷ ለመውለድ ፈቃድ ወጥታ አዳማ በሄደች ጊዜ ግን ማዋለጃ ክፍሉ ለእርሱ ብቻ ቀረ። ሴቶቹ እንደ ወትሮው መጡ፤ «ሴቲቱ የለችም» ሲባሉ ከበር ተመለሱ። በሦስት ሳምንት ውስጥ ሁለቱ በየቤታቸው ወለዱ፤ አንደኛዋ ልጇን ቀበረች። ኖህ ይህን ከሰማ በኋላ እህል አልቀመሰም ማለት ግነት ይሆናል። በላ፤ ተኛ፤ ሥራ ገባ። ከሰው ጋር መነጋገር ግን ቀነሰ።

አዋላጁን በእንግሊዝኛው «ሚድዋይፉ» እያለ የሚቀልድበት የጤና ጣቢያው ዘበኛ ጉቱ ብቻ ነበር።

«ሚድዋይፉ፣ አልጋው ባዶውን ከሚውል ለምን አንተው ገብተህ አትወልድበትም?»

«አባቱ አንተ ከሆንህ ይቅርብኝ።»

በሐምሌ ወር በአንድ ረፋድ ከዲጃ የሚባሉ አሮጊት ምራታቸውን ሰኪናን በቃሬዛ አሸክመው መጡ። ምጡ ሁለተኛ ቀኑን ይዟል። ወደ አሰላ እንዲወስዳት የተጠራው አምቡላንስ ከመንገድ ጭቃ ይዞት ቀርቷል።

«ሴቲቱስ?» አሉ ከዲጃ።

«የለችም፣ እማማ። ያለሁት እኔ ነኝ።»

«አንተማ ወንድ ነህ። ባሏ ደጅ ቆሟል። እኔስ ነገ በምን ፊቴ ጎረቤት እገባለሁ?»

ኖህ አልተከራከረም። አልጋውን በመጋረጃ ከለለና ራሱ ከወዲህ ቆመ። «እንግዲያው እጁ የእርስዎ ይሁን፤ እኔ በቃል እነግርዎታለሁ» አላቸው። አሮጊቷ ጓንት አጠለቁ።

«ጭንቅላቱ ታየኝ።»

«አይጎትቱት። እጅዎን ከሥር ብቻ ይደግፉለት።»

«ትግፋ?»

«አሁን አትግፋ። ትተንፍስ።»

ሕፃኑ አለቀሰ። ኖህ ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ ጠየቀ።

«እማማ፣ እንግዴ ልጁ ወጣ?»

«ወጣ።»

«ደሙስ?»

ኖህ በመጋረጃው ሥር ደም በወለሉ ላይ ሲፈስ አየ። የደም ማቆሚያውን መርፌ ቀድሞ አዘጋጅቶ ነበር። «ካልገባሁ ትሞታለች» አለና መጋረጃውን ያዘ። እርሱ ከመሳቡ በፊት አሮጊቷ ከውስጥ ገለጡት። መርፌውን ወጋት፤ ማሕፀኗም እስኪጠነክር ድረስ ሆዷን በእጁ አሸ። ደሙ ቆመ።

የሰኪና ፊት ወደ መልኩ ሲመለስ ከዲጃ ወደ ጥግ ወሰዱት። «ልጄ፣ አንተ ወደ ውስጥ አልገባህም። ያዋለድኋት እኔ ነኝ።»

«መዝገቡ ላይ እውነቱን እጽፋለሁ። ከአፌ ግን አይወጣም።»

«መዝገብ ማን ያነባል» አሉ፤ ትከሻውንም መታ መታ አድርገውት ወጡ።

በገበያም ያወሩት ይህንኑ ነበር፤ ሚድዋይፉ ጨዋ ነው፤ ከመጋረጃ ወዲህ ቆሞ ይናገራል እንጂ ሴት ወዳለችበት አይገባም። በዚህ ቃል ሴቶቹ መምጣት ጀመሩ፤ እናታቸውን ወይም አማታቸውን አስከትለው። ቢታንያ ወደ አዳማ ተዛውራ በመቅረቷ ሥራው በዚሁ ሥርዓት ጸና። ብዙዎቹ መጋረጃው ሳይገለጥ በደኅና ወለዱ። ችግር በገጠመ ቁጥር ግን መጋረጃው ከውስጥ ይገለጣል፤ ሲወጣም ያው ቃል ይደገምለታል፤ አንተ ወደ ውስጥ አልገባህም። እያንዳንዱ ቤት እንዲህ ያለው ነገር የደረሰበት እርሱ ብቻ ይመስለዋል። ስንት ቤት እንደሆነ የሚያውቀው ኖህ ነው፤ ለማንም ሊናገር አይችልም። ቢናገር በማግስቱ በሩ ባዶ ይሆናል።

አሁን አራተኛ ዓመቱን ይዟል። በገበያ ቀን በሰው መካከል ሲያልፍ ልጅ ያዘሉ ሴቶች ሻሻቸውን ወደ ፊታቸው ይስባሉ፤ አንዲቷም ሰላም አትለውም። እርሱም ቀድሞ ሰላም አይልም። ልጆቹን ግን በየጀርባው ላይ በዓይኑ ይከተላል፤ ማንኛው በየትኛው ቀን እንደተወለደ ያውቃል። ከዚያ ድንችና ሽንኩርት ገዝቶ ወደ ተከራያት ክፍል ይመለሳል።