የወንድሜ እጅና የእኔ ኩላሊት

ለታናሽ ወንድሜ አንድ ኩላሊቴን ሰጥቼዋለሁ። ሰውነቱ ኩላሊቱን ባዕድ ነው ብሎ እንዳይገፋው ዕድሜ ልኩን ጠዋትና ማታ የሚውጠው ኪኒን ታዘዘለት። ኪኒኑ ኩላሊቱን ጠበቀለት፣ እጁን ግን ያንቀጠቅጠው ጀመር።

ሌላ ሥራ ቢኖረው ምንም አልነበረም። እሱ ግን አንዋር መስጊድ አካባቢ ቅመም ይቸረችራል። ሄልና ኮረሪማ በግራም የሚሸጥ ሰው እጁ ሚዛን ላይ ከተንቀጠቀጠ አለቀለት። መርካቶ ታሟል አይልም፣ ሚዛን ይነካል ነው የሚለው። አንድ ቀን ምሳ ይዤለት ስሄድ አንዲት የቆየች ደንበኛው የመዘነላትን ሄል መልሳ ጆንያው ላይ ደፋችና «ሌብነቱን ገና እየተለማመድክ ነው መሰለኝ» አለችው። ጎረቤት ነጋዴዎች በሳቅ ፈረሱ። እሱ አንገቱን ደፍቶ ሚዛኑን መወልወል ያዘ።

ቆይቶ እጁ ጸጥ አለ። «ሰውነቴ መድኃኒቱን ለመደው» አለኝ። ደንበኞቹ ተመለሱ፣ እኔ ሞኟም አልሐምዱሊላህ ብዬ ተቀመጥኩ።

እግሩ አብጦ ጫማ እምቢ ሲለው ሆስፒታል ወሰድኩት። ሐኪሟ የደም ምርመራውን አይታ ስታፋጥጠው፣ የማታውን ኪኒን መዋጥ ካቆመ መቆየቱን አመነ።

«እጄ ተንቀጠቀጠ ብትለኝ እኮ ደምህን እያየሁ መጠኑን አስተካክልልህ ነበር፤ ካልሆነም መድኃኒቱን እቀይርልህ ነበር» አለችው። በጥፊ ላጮለው ከጅሎኝ ነበር፤ ሐኪሟን አፍሬ ተውኩት። ለደንበኛ ብሎ! ሆዴን ተቀድጄ የሰጠሁት ኩላሊት ከዚያ በኋላ አልተመለሰም። እሱም ወደ ቀድሞው የኩላሊት እጥበት ተመለሰ።

የሰፈር ሰው ሊጠይቀው እናታችን ቤት ተሰበሰበ። አንዷ ጎረቤት «ድሮስ የሴት ኩላሊት መቼ ይበረክታል?» አለች።

እናቴ እኔን እያየች «የታላቅ ወንድሙ ይሁን ብዬ ነበር እኮ፣ ማን ሰማኝ። የሷ ገላ ከልጅነቷም ደካማ ነው» አለች።

ዞሬ አየሁት። ለሐኪሟ የነገራትን ለእናቱም ይነግራታል ብዬ ጠበቅኩ።

«ተያት እማዬ፣ ምን ታድርግ» አለ ረጋ ብሎ። «እኔ አልተቀየምኳትም።»

ጠያቂው ሁሉ ስለ ደግነቱ መረቀው።