የተሞገሰው ቴአትር

ሳዑዲ፣ ኮባር ከተማ ውስጥ የቴአትር ፌስቲቫል ሊከፈት ነው ሲባል ራካ ሰፈር ያለው የልብስ ሱቄ ውስጥ ሦስት ሆነን የምናየውን መረጥን፤ እኔ፣ ባለታክሲው ጓደኛዬና ደሴ ሳለች በቀበሌ ኪነት ትተውን የነበረች የሰው ቤት ሠራተኛ ወዳጃችን። ለእኛ መዝናኛ ነው፤ እሷ ግን ከአገር ከወጣች ወዲህ መድረክ አላየችም።

«አሳዛኙ ይሁን» አለች።

«ለኀዘን ደግሞ ትኬት ትቆርጫለሽ? ማዳምሽ በነፃ ታሳይሽ የለም እንዴ!» አላት ባለታክሲው።

ተሟግታ ረታችን። የዓርብ ከሰዓቱን ያዝን።

ፈቃድ ስትጠይቅ ታዲያ ቴአትሩን ለማዳሟ አሞገሰችላት። ገዢ ዕቃ አያሞግስም፤ ሲያሞግስ ዋጋው ይሰቀላል። ማዳሟም ወደደችውና «ኸላስ፣ በቃ አብረን እንሄዳለን» አለች።

ዓርብ ዕለት በሩ ላይ አገኘናት። ሕፃን አይገባም ስለተባለ ማዳሟ ገብታ፣ እሷ የሴትዮዋን ልጅ ታቅፋ ውጭ ቀርታለች። እኛ ገባን፤ በመካከላችን የእሷ ወንበር ባዶውን ዋለ።

ስንወጣ ልጁ ትከሻዋ ላይ ተኝቷል።

«ምንም አልቀረብሽም፤ ቀሽም ነበር» አልኳት። ስንት ያረጀ ሸሚዝ አዲስ ነው ብዬ የሸጥኩበት አፌ ነው።

«ጭብጨባው እኮ እዚህ ድረስ ይሰማ ነበር» አለችኝ።