በበሩ መሃል ያኖርኩት ጫማ

ከደሴ የወጣን ሌሊት የት እንደምንሄድ ለጎረቤት እንኳ አልተናገርንም። ትልቁን ልጄን ጌታቸውን አብዮት ጠባቂዎች «ለአጭር ጥያቄ ነው፣ አሁን ይመለሳል» ብለው ወስደውት እንደወጣ ቀረ። ታናሹን ካሳሁንን ይዤ በእህል መኪና ላይ ተጭኜ አዲስ አበባ ገባሁ።

ቦሌ ሲባል ምን እንደሚመስላችሁ አላውቅም፤ እኛ ያለነው ከአውሮፕላን ማረፊያው ማዶ፣ ጭቃው ውስጥ ነው። ብርዱ እንደ ደሴው አጥንት ድረስ አይገባም፤ ግን አንኳኩቶ እንዴት አደርሽ የሚል ሰው የለም። የሚያንኳኩት አከራያችን እትዬ በላይነሽ ብቻ ናቸው። «ልጅሽ አጥሬን ታቅፎ አደረ፤ ለአጥሩም ኪራይ ልጨምር እንዴ?» ይሉኛል። እስቃለሁ፤ ምን ላድርግ።

ካሳሁን አረቄ ነው የሚጠጣው። ደም ሲያስመልሰው ሐኪሙ «ካልተወ ክረምቱን አይወጣም» አለኝና ሱሰኛ ወደሚመክሩበት ክፍል ላከን። ካውንስሊንግ ይሉታል።

የምትመክረው ሲስተር ልጅ እግር ናት፣ አነጋገሯ ለስላሳ። ወረቀቷን ዘርግታ «ካሳሁን፣ ከማን ጋር ነው የምትጠጣው?» አለችው።

እኔ ቀደምኩ። «ከማንም ጋር።»

«የት ነው የምትጠጣው?»

«የትም።»

«እናቴ፣ እርስዎ ነዎት እንዴ የሚጠጡት?»

ካሳሁን ሳቀ። ሳቁን ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ። እኔን ግን ላብ አጠመቀኝ። ስም ሲጠየቅ፣ ቦታ ሲጠየቅ፣ ወረቀት ላይ ሲጻፍ፣ መጨረሻውን አውቀዋለሁ።

ሲስተር እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «እናቴ፣ ውጪ ይጠብቁን። አጭር ጥያቄ ነው፣ አሁን ይመጣል።»

«ይሄን እንኳ አልሰጥም» አልኳት።

ግራ ገብቷት አየችኝ። የገባው ካሳሁን ነው። ክንዴን ይዞ እስከ በሩ ሸኘኝ። «እማዬ፣ እዚህ ሁኚ። የትም አልሄድም» አለኝ።

ወጣሁ። ግን አንድ እግር ጫማዬን አውልቄ በሩ እንዳይገጥም መሃሉ ወሸቅኩት። አውሮፕላን መጣና ጆሮዬን ደፈነው፤ እስኪርቅ ጠብቄ በሩ ላይ ተለጠፍኩ።

«ከማን ጋር ነው የምትጠጣው?» አለችው እንደገና።

«ብቻዬን» አለ ልጄ። ከዚያ «ጌታቸው የሚባል ወንድም ነበረኝ» አለ።

ከደሴ ከወጣን ወዲህ ያንን ስም ማናችንም አንስተን አናውቅም። ቀጥሎ የሚለውን ልሰማ ስጠጋ ድምፁ ቆመ። ጫማዬን በበሩ መሃል አየው መሰለኝ።

ጎንበስ ብዬ ሳብኩት። በሩ ገጠመ። አንድ እግሬ ሲሚንቶው ላይ ባዶውን ነበር፤ ከውስጥ ምንም አይሰማም።

እናንተ እዚያ ደሴ ያላችሁ፣ ጌታቸው ድንገት መጥቶ የተዘጋውን ደጃችንን ካንኳኳ፣ እናትህ ቦሌ ናት በሉልኝ።