የኋላ በር

እኛ ኮነቲከት ውስጥ «የጄኔራሉ ሚስት» ካላችሁ ሕፃኑም ያውቃቸዋል። ስማቸውን የሚጠራ ግን የለም። ጀሩሻ ፔክ ነበሩ፤ ሠላሳ ዓመት ጎረቤቴ።

ጄኔራሉ ለአሜሪካ ነጻነት ስምንት ዓመት ሲዘምቱ እርሻውን ያሳረሱት፣ አራት ልጅ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። የእንግሊዝ ወታደሮች ቤቱን ሊያቃጥሉ ሲመጡ የፊት በሩ ላይ መጥረቢያ ይዘው ቆሙ። ወታደሮቹም አልፈው ሄዱ። ጄኔራሉ ተመለሱና በየስብሰባው ንግግር ሲያደርጉ ኖረው ሞቱ። ኑዛዜ የሚባል የለም! ስምንት ዓመት ከሞት ጋር ሲተያይ የኖረ ሰው አንዲት ወረቀት መጻፍ ያቅተዋል?

ፍርድ ቤቱ ሦስት ሽማግሌዎች ላከ። የመበለት ድርሻ፣ ያውም በሕይወት እስካለች፣ ሲሶ ነው። በወለሉ ላይ በጠመኔ አሰመሩ፣ በወረቀትም ጻፉት፦ አንድ ክፍል፣ ማክሰኞ ማክሰኞ ምድጃው፣ መግቢያና መውጫ በኋላ በር። የቀረው የበኩር ልጃቸው የአሳሄል ሆነ። እሳቸው ዕቃቸውን ሰብስበው ወደዚያች ክፍል አስገቡ። እርር ያልኩት እኔ ነኝ።

አንዴ ብቻ ለመኑት።

«አሳሄል፣ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ በፊት በር ልውጣ።»

«እማዬ፣ ወረቀቱ የኋላ በር ነው የሚለው። ዛሬ በር ብፈቅድ ነገ ሳሎን ትይኛለሽ።»

«እሺ» አሉ። በቃ።

አሥራ አንድ ዓመት በዶሮዎቹ መሐል፣ ጭቃውን እየረገጡ ወጡ ገቡ።

«ኧረ እሜቴ፣ ትንሽ እንኳ አይናደዱም?» አልኳቸው።

«በምኑ ልናደድ ልጄ? ውስጤ ደርቋል። ብቻ አደራ፣ ስሞት አሳሄል በፊት በር አውጧት ቢል እንዳትሰሙት።»

በመጋቢት ሞቱ። በቀብሩ ቀን ከበሮ መቺዎችና መኮንኖች መጥተው ከፊት ለፊት ተሰልፈዋል። አሳሄል፣ ሕዝብ ያየኛል ብሎ፣ የፊት በሩን ወለል አድርጎ ከፈተ።

«በዚህ አውጧቸው! የጄኔራል ሚስት ናቸው!»

«ወረቀቱ የኋላ በር ነው የሚለው» አልኩት።

ሬሳውን የያዙት ባሌና ወንድሞቹ ናቸው፤ ወደ ኋላ በር ዞሩ። ዶሮዎቹ ተበተኑ። ከበሮ መቺዎቹም በጭቃው ዞረው እየሮጡ ደረሱብን። አሳሄል በከፈተው በር ላይ ብቻውን ቆሞ ቀረ።